ኮምቦልቻ ላይ ያነጠፍነው ሰሌን

ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ያየኝ ሁሉ «ወሎ እንዴት ነበር? ሥራውስ ተሳካ?» ይለኛል። «ደህና ነበር» ብዬ አልፋለሁ፤ ምን ልበል? በየካፌው ቆሜ የማወራው ነገር አይደለም። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ደሴንና ኮምቦልቻን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ለማየትም ሐሳቡ ለሌላችሁ፣ ቀን በቀን እንደ ሄድኩበት እነግራችኋለሁ። ስለ ተራራው ውበት ለመስማት የመጣችሁ ካላችሁ ግን ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ በደንብ ያየሁት አንድ ቤት ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው። ከዓመታት በፊት «ሰው አለው» የምትል አጭር ተውኔት ጽፌ ነበር። መድረኩ ላይ አንድ ወንበር፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ አሉ፤ ሌላ ምንም የለም። ሴትዮዋ ባዶውን ወንበር ትጠብቃለች፣ ሰውዬው በየሰበቡ ሊቀመጥበት ይመጣል፣ እሷ «ሰው አለው» ትላለች። በቃ። አዲስ አበባ ላይ ተመልካቹ እኩሌታውን ይስቅና እኩሌታውን ዝም ይላል፤ ከዚያ ወጥቶ ማኪያቶውን ይጠጣል። ሐያት የምትባል ዳንሰኛ ናት አንድ ቀን መጥታ ቃሉን በሙሉ አውጥተን በኮንቴምፖራሪ ዳንስ እንሥራው፣ ሰውዬውን ደግሞ በመሰንቆ እንተካው ያለችኝ። የምኖረው በቃል ነውና ቃልህን አውጣ ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ግን ወንበሩ ላይ መዳፏን ዘርግታ ስትጋርደው አየሁ፤ ያቺ መዳፍ ከጻፍኩት ገጽ ሁሉ በለጠችብኝ። እሺ አልኳት። እሷም የኮምቦልቻ ልጅ ነችና መጀመሪያ እናቴ ፊት ካልታየ ብላ ድርቅ አለች።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ላምበረት መናኸሪያ ደረስን። ወንበሩን ረዳቱ ወደ ጣሪያው ሲያወጣው በጥንቃቄ ይሁን ብዬ ብነግረው «ፋዘር፣ እንቁላል ነው እንዴ?» ብሎኝ ወረወረው። አስቤበት የገዛሁት፣ ሁሌ የምንሠራበት ወንበር ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር ልቤ ወደ ጣሪያው ነበር።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ በላን፤ ጣርማበር ላይ ጉሙ ከፊታችን ያለውን መኪና እንኳ አላሳይ አለን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ረዳቱን ፌስታል ለመንኩት። ከኋላዬ የተቀመጡ አሮጊት ነገሩ ገባቸውና ሎሚ ቆርጠው «አሽትተው ልጄ» ብለው ሰጡኝ፤ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስም ጀርባዬን ሲያሹ ነበር። እኛ ከተማ ታክሲ ውስጥ ቢያቅለሸልሸኝ መስኮት ክፈት ከማለት በቀር ማን ዞሮ ያየኛል? ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ቀቀለን፤ ምሳ አዝዤ ሳልነካው ተነሣሁ። በየኬላው እየወረድን ስንፈተሽ ቀኑ አለቀ።

ከሚሴን አልፈን ሐርቡ ስንደርስ ሐያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እስከዚያ ስታስቀኝ ነበር የመጣችው። ቆይታ ነገሩን ነገረችኝ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ጦርነቱ ወደ ኮምቦልቻ በቀረበ ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሟ ኑሩ ሐርቡ ያሉትን አያቱን ላምጣ ብሎ ከቤት ወጣ። አያትየዋ በሌላ መንገድ፣ በሌላ ሰው መኪና ኮምቦልቻ ገቡ። ኑሩ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ ታሰረ ያለ የለም፣ አየሁት ያለም የለም። እናቷ ወይዘሮ ዘምዘም በራቸውን ዘግተው ለጎረቤቱ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወሬ ሳይመጣ ማንም ለቅሶ ብሎ ቤቴ እንዳይገባ፣ ለሐዘንተኛ የሚባለው ሶብር የምትል ቃል ጆሮዬ እንዳትገባ አሉ። እዚያ አገር ሰው ሲሞት ጎረቤቱን የሚሰበስበው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ የሚቀብረውና የሚያጽናናው ቅሬ የሚሉት ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይተሳሰራል። ቅሬው የወይዘሮ ዘምዘምን ቃል አከበረ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ስለ ኑሩ ክፉ ቃል ሳይናገር ኖረ። ሐያት ይህን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ ዳንሱን የምሠራው እናቴ ብቻዋን የምትጠብቅ እንዳይመስላት ነው አለችኝ።

ኮምቦልቻን ሳንወርድ አልፈን፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን፣ ሲመሻሽ ደሴ ገባን። ረዳቱ ወንበሩን ሲያወርደው የኋላ እግሩ ተሰብሮ መቀመጫው ለሁለት ተሰንጥቋል። እሱም ደንገጥ ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ምን አደርገዋለሁ፣ እንጨቱን ይዤ ሆቴል ገባሁ።

ረቡዕ

የደሴ ብርድ ብርድ ነው እንጂ የአዲስ አበባው ቀልድ ነው። ሙቅ ውኃ አለ ተብዬ የያዝኩት ክፍል ቧንቧው ፉጨት እንጂ ውኃ አልነበረውም። ጠዋት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ስላየሁት አላየሁትም፤ ስለሱ ሌላ ሰው ይጻፍ።

መሰንቆ ተጫዋቹ ጋሽ ይመር ሰኞ ገበያ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ስንቀጠቀጥ ያዩኝ ባለቤታቸው ምንም ሳይጠይቁኝ ጋቢ ደረቡብኝ፤ ቁርስ በልቻለሁ ብል ማን ሰምቶኝ፣ ገንፎ በቅቤ ቀረበ። የምንለማመደው እዚያው ሳሎን ውስጥ፣ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ነበር። ጋሽ ይመር መሰንቆውን ሲያነሡ ቤቱን ሞሉት፤ አምባሰሉን ይዘው ሲወርዱበት የጎረቤት ሰው በር ላይ ቆመ። እኔ ግን ባዶ ነበር የምፈልገው። ይህን ቀንሱ፣ ያንን ተዉት፣ እዚህ ላይ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ከዚያ ዝምታ እያልኩ እስከ ምሳ ድረስ አደረቅኳቸው። ሲጨርሱ ከዚያ ሁሉ ዜማ የቀረው አንድ ጊዜ የምትሳብ፣ ቆይታ የምትመለስ ቀጭን ድምፅ ነበረች። ሐያት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። ለእኔ ፍጹም ነበር።

ጋሽ ይመር ደጋኑን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ወንድሜ፣ የርስዎን ሙያ አላውቅም» አሉኝ። «እኛ ዘንድ ግን ቤት እንዲህ የሚሆነው ሰው የሞተ ጊዜ ነው። አንድ ሁለት ዜማ ይተዉላት።»

እኔም ሥራው ይበላሻል፣ ውበቱ እኮ ባዶነቱ ነው፣ ተመልካቹ ይገባዋል አልኳቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልተከራከሩኝም፤ እርስዎ ካሉ አሉና መሰንቆውን ሰቀሉት። እዚህ ላይ ጽሑፌን አቁሜ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ነግረውኛል።

ሐሙስ

በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ግን ከካፖርት ወደ ሸሚዝ ነው የምትወርዱት። ጋቢው አሁንም ትከሻዬ ላይ ነበር፤ የጋሽ ይመር ባለቤት መልሱልኝ አላሉም፣ እኔም በሐፍረት መንገድ ላይ ነው ያስታወስኩት። ጋሽ ይመር መሰንቆውን አቅፈው ከሹፌሩ ጋር ሲቀልዱ፣ እኔ ላቤን እየጠረግሁ ደረስን።

ለራሴ ሆቴል ይዤ ነበር። ወይዘሮ ዘምዘም ሲሰሙ ቅር አላቸው፤ ልጄን ያመጣልኝ ሰው ሆቴል አድሮ ጎረቤቱን በምን ዓይኔ ላየው ነው ብለው ሻንጣዬን ራሳቸው ወደ ቤት አስገቡ። አጭር፣ ፈጣን፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። የሰጡኝ ክፍል የኑሩ ነበር። አልጋው በዚያ ሳምንት የታጠበ አንሶላ ለብሷል፤ በየሳምንቱ ነው የሚያጥቡት። ሱሪዎቹ ተተኩሰው ተሰቅለዋል። ሲያወሩኝ ኑሩ ሥጋ ይወዳል፣ ኑሩ ስልክ መጠገን ይችላል፣ ኑሩ ጠዋት መቀስቀስ አይወድም ይሉኛል፤ እኔም አሁን እንዳለ ሰው እያነሣሁት፣ ማታ በልጁ አልጋ ላይ ለመተኛት አፍሬ ጫፉ ላይ አደርኩ።

ጎረቤቶቹ እየመጡ እንኳን ደህና መጣችሁ አሉን። አንዷ ወተት፣ አንዷ እርጎ፣ አንዷ ፓፓያ ይዛ። እኔ አዲስ አበባ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከበሬ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ስም አላውቅም። ሲሄዱ ለወይዘሮ ዘምዘም ሁሉም የሚላቸው አንድ ነገር ነው፤ አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል። እሳቸው አሚን ይላሉ። ሰውን ሁሉ በዚህ አሚን ይሸኙታል።

አርብ

የተፈቀደልን አሮጌ አዳራሽ መድረክ የለውም፤ ወለሉ ላይ ነው የምንሠራው። ከሰዓት ስብሰባ አለበት፣ ማታ ደግሞ መብራቱ አይታመንም፤ ስለዚህ ትርኢቱ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት እንዲሆን ተስማማን። አዲስ አበባ ላይ በሁለት ሰዓት ቴያትር ብዬ ብጠራ ሚስቴም አትመጣም። እዚህ ግን ፀሐዩ ሳይበረታ ቢሆን ይሻላል አሉን።

ወንበር ቸገረን። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሰማያዊ ፕላስቲክ ናቸው፤ አንዱን መሐል ላይ ሳቆመው የሠርግ ትርፍ መሰለ። ወይዘሮ ዘምዘም ቤት ግን የሚያምር አሮጌ ሰሌን ነበረ። አስፈቅጄ አመጣሁትና ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፤ ሐያት ግማሹ ላይ ተቀምጣ ግማሹን ባዶ ተወችው። በወንበሩ ፈንታ አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፏ እየዳበሰች ትጠብቀው ጀመር። ከወንበሩ ይበልጥ የተራቆተ፣ ይበልጥ ያማረ ሆነ። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ እሷም አንድ ነገር አላለችም። ከተመለስኩ በኋላ በስልክ ስጠይቃት ዓይኔ የዳንሰኛ ብቻ ሆኖ ነበር አለችኝ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ምሳ ስንበላ ወይዘሮ ዘምዘም ነገሩ ስለ ምንድን ነው አሉኝ። ሰው ስለምትጠብቅ ሴት ነው አልኩ። እጃቸውን ከትሪው መለሱ።

«መጨረሻ ላይ ይመጣላታል?»

«አይታወቅም» አልኩ።

«የጻፉት እርስዎ አይደሉ? እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቃል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲመጣ ያድርጉት።»

ምን እንዳልኩ ልናገር። ስለ ሥነ ጥበብ ነገርኳቸው። ተመልካቹ ራሱ እንዲጨርሰው ነው፣ መጣ ብንል ውሸት ይሆናል፣ ምናምን። እሳቸውም እንግዳ አይጨቀጨቅም ብለው ይሆናል፣ ይብሉ ይብሉ አሉኝና ወደ ሳህኔ ሥጋ ገፉልኝ። አንድ ሰው ከበሩ እንዲገባ ማድረግ ምን ይከብደኝ ነበር? ጋሽ ይመር ተነሥተው አጠገቧ ቢቀመጡ ያልቅ ነበር።

ቅዳሜ

በሁለት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ወይዘሮ ዘምዘም ጎረቤቶቻቸውን በሙሉ ጠርተዋል፤ ጎረቤት ማለት ደግሞ ቅሬው ነው። ሴቶቹ ተከናንበው በአንድ ላይ ገቡ፤ ወንዶቹ በሌላው ወገን ተደረደሩ፤ የቅሬው ዳኛ ሐጂ ሰይድ ከፊት ተቀመጡ። ማንም ስልክ አላወጣም። ከጎን ቆሜ እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ተመልካች አግኝቼም አላውቅ እያልኩ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ሐያት አትንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ሻሽ አስራ፣ አንገቷን ደፍታ ሰሌኑ ላይ ተቀምጣለች። መሰንቆው አንዴ ይሳባል፣ ዝም ይላል። ከዚያ መዳፏን ቀስ ብላ ባዶው ቦታ ላይ ታሳርፋለች። ወንበር ላይ ሲሆን ይህ መዳፍ ይከለክላል። ሰሌን ግን እዚያ አገር የሐዘንተኛ መቀመጫ ነው፤ እሱ ላይ ሲሆን ነዪ፣ አብረሽኝ ተቀመጪ ማለት ነው፤ ይህ የገባኝ ከረፈደ ነው።

ከሁለተኛው ረድፍ እማማ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ተነሡ። ጫማቸውን አወለቁና ሄደው ሐያት አጠገብ ተቀመጡ፤ እጇን ያዙ። አንድ ሌላ ሴት ተከተለች፤ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ረድፉ በሙሉ። ቴያትር መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ በኋላ ጠይቄያለሁ። አንዲት ልጅ ሰሌን ላይ እንዲህ ተቀምጣ እያዩ ከፊቷ ወንበር ላይ ቁጭ ማለት አልሆንላቸው ብሎ ነው፤ ነውር ነዋ። ጋሽ ይመር ደጋናቸውን አንሥተው በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ ላቁም ወይ? እኔ፣ አላህም እግዜርም ይቅር ይበለኝ፣ በእጄ ቀጥሉ አልኳቸው። ተመልካቹ ሥራው ውስጥ ገባ ብዬ በደስታ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከዚያ ከሴቶቹ መሐል «ሶብሩን ይስጥሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዷ ስትል ሌላዋም አለች። አፋቸው ለምዶት ነው፤ ሰሌን ላይ ለተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ ዘምዘም ከፊት ረድፍ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ተነሡ። መሰንቆው ቆመ።

«እናንተም?» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያላችሁት አብራችሁኝ እየጠበቃችሁ መስሎኝ።»

ሐጂ ሰይድ ደንግጠው ተነሡ። ወላሂ ምንም የሰማነው ወሬ የለም ዘምዘም፣ ልጆቹ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፣ አውፍ በይን፣ ይቅር በይን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ምንም የሰማ የለም። ግን አንዱም ኑሩ በሕይወት አለ ብሎ አልማለም። እሳቸው የሚጠብቁት ያንን ነበር፤ አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ። የሁሉንም ፊት በየተራ አዩ። ሐያት ተነሥታ ልታቅፋቸው ስትሄድ በእጃቸው መለሷትና ሄደው ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ከዚያ የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም።

ከምሳ በፊት በራቸው ላይ ድንኳን ተተከለ።

እሁድ

ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ዋልኩ። ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ የሞተበት ቀን የለም፤ ለቅሶው ግን ያለ አንዳች ጉድለት ሙሉ ነበር። ከደሴ ዙሪያ ገጠር ዘመዶቻቸው በእግርም በሚኒባስም መጡ። አራት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነውና ሁሉም እኩል ነው ያለቀሰው። ጋሽ ይመር ጥግ ይዘው ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር አልተነጋገሩም፤ ነግሬዎት ነበር ማለት ሲችሉ አላሉኝም፣ ያም ባሰብኝ።

ክፉ ቢናገሩኝ ይቀለኝ ነበር። እነሱ ግን ንፍሮ ያቀርቡልኛል፣ ትራስ ያስደግፉኛል፣ ፀሐዩ ሲዞር ከጥላው ወገን ያዛውሩኛል። አንድ ሽማግሌ አብሽር፣ ሰበብ ሆንክ እንጂ አንተ አልገደልከው አሉኝ። ማንም እኮ አልገደለውም ልላቸው ፈለግሁ፤ ሞቶ እንደሆነ ማን ያውቃል? አንድ እስር ቤት፣ አንድ የሩቅ አገር፣ አንድ የታመመ ሰው የሚተኛበት ቤት ቢኖርስ? ድንኳን ሙሉ ሰው እያለቀሰ ይህን እንዴት አንሥቼ እናገራለሁ። ንፍሮዬን ቆረጠምኩ።

ከሰዓት ወይዘሮ ዘምዘም የኑሩን ልብሶች አወጡ፤ ለሰደቃ። አጣጥፈው፣ አንድ በአንድ ለሚያስፈልገው ሰው ሰጡ። መጨረሻ የቀረውን ጥቁር ጃኬት ይዘው ወደ እኔ መጡ። ቀና ብዬ ላያቸው እንኳ አልቻልኩም፤ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ጃኬቱን ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ነገ ጣርማበር ላይ ይበርድዎታል» አሉኝ። «ልጄ ነበር፤ ለሰው ቢደርስለት ደስ ይለዋል።»

ስለ ኑሩ «ነበር» ሲሉ መጀመሪያ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ

ጠዋት ሐያት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም ነበር። ጃኬቱን ለብሻለሁ፤ ወይዘሮ ዘምዘም በር ላይ ቆመው ሳይለብሱ አይወጡም ስላሉ። ዳንሱን መቼም እንደማንሠራው ነገርኳት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወንበሩ ሲሰበር መመለስ ነበረብኝ፣ ጋሽ ይመርን መስማት ነበረብኝ እያልኩ ስቀባጥር አቋረጠችኝ።

«ጋሼ፣ እስከ ቅዳሜ ሁለት ሆነን ነበር የምንጠብቀው» አለችኝ። «አሁን ብቻዬን ቀረሁ። ጃኬቱን ይመልሱልኝ፤ ሲመጣ ይጠይቀኛል።»

አውልቄ ሰጠኋት። አጣጥፋ ብብቷ ሥር ያዘችው፤ እናቷ እንዳታየው በየት በኩል እንደምትገባ እያሰበች ይመስለኛል። አውቶቡሱ ሲነቃነቅ በመስኮቱ በኩል በደህና ይግቡ አለችኝ።